ባለ 10 ብር ሳንቲም ይውጣ ወይስ ወረቀቱ ይበቃናል? (ከጅማ፣ ከነ17 መልሱ)

መክፈቻ

ሰላም የጅማ ሰዎች፣

ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ትንሽዬ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ መሳቢያ። ዛሬ የምጽፈው ስለ መሳቢያዋ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ተማሪ አራት ገጽ ኮፒ አስደርጎ 200 ብር ዘረጋልኝ። ዝርዝር የለኝም። ጎረቤት ሱቅ ሮጥኩ፣ የለም። ጁስ ቤት ሮጥኩ፣ የለም። ስመለስ ልጁ ፈተና ደርሶበት ሄዷል። 200 ብሩንም ኮፒውንም ይዞ። (ከሰዓት መጥቶ ከፍሎኛል። የጨዋ ልጅ።)

ማታ መሳቢያዋን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኳት። ሰባት ባለ 10 ብር ወጡ። አራቱ በፕላስተር የተጠገኑ ናቸው። አንደኛዋ እንዲያውም የሁለት የተለያዩ ባለ 10 ብር ኖቶች ግማሾች ተገጣጥመው የተሠራች ነች፤ የግራና የቀኝ ቁጥሯ አይገናኝም። ማን እንደሰጠኝ አላውቅም። ለማን እንደምሰጣት ግን እያሰብኩበት ነው። ሁለት ባለ 5 ብርም አሉ። ቡና ለቃሚው ሰውዬ ከላያቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። እኛ ጅማዎች እሱን ካልለየነው ማን ሊለየው ነው? ከመሳቢያዋ ሥር ደግሞ በወተት ጣሳ ሙሉ ባለ 1 ብር ሳንቲም አለ። ለመልስ ስሰጣቸው ሰው ፊቱን ያጠቁርብኛል። እዚያው ባንኮኒው ላይ ትቷቸው የሚሄድም አለ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። 5 ብርና 10 ብር ሳንቲም ይሁኑ። (ሳንቲም ስል ብረቱን ማለቴ ነው።) ወረቀት በእጅ ብዛት ያልቃል። ባለ 1 ብር ሳንቲሟ 2002 የሚል ዓመት ተጽፎባት ወጥታ እስከ ዛሬ አንዷም አልተቀደደችም። በ2013 ኖቶቹ ሁሉ ተቀይረው ሲታተሙ ያን ሁሉ ገንዘብ ለወረቀት ከማውጣት ያኔውኑ ሳንቲም ቢደረጉ ምን ነበረበት?

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ባለ 10 ብር ሳንቲም ይውጣ? ከወጣስ ወረቀቱ ይቅር ወይስ ጎን ለጎን ይሂዱ?

የመጡት መልሶች

ይህን መድረኩ ላይ ለጥፌ በአራት ቀን 17 መልስ ደረሰኝ። ሱቄ ውስጥ መልስ ጠፍቶ እዚህ ተትረፈረፈ። ሁሉንም እንዳለ መገልበጥ አይመችም፤ አንዳንዱ ስድብም አለበት። ስለዚህ ተራቸውን ጠብቄ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

መልስ 1 የባጃጅ ሾፌር ነው፣ ከአጂፕ መርካቶ የሚሠራ። ጽሑፌን አንብቦ ሳይጨርስ የተስማማ ይመስለኛል። የእሱ ችግር ዝናብ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ተሳፋሪው ከረጠበ ኪሱ የረጠበ 10 ብር ያወጣል። እሱ ደግሞ ብሩን መስታወቱ ሥር ዘርግቶ እያደረቀ ይነዳል። አንድ ቀን አዌቱ ድልድይ ላይ ነፋስ አንዷን አንስቶ ወሰደበት። ባጃጁን መሀል መንገድ አቁሞ ሮጠ። ከኋላው ጥሩምባ፣ ከውስጥ ተሳፋሪዋ በሳቅ። ያዛት። ግን ለሁለት ተቀድዳ ነበር። ሳንቲም አይበርም፣ አይረጥብም፣ አለቀ ደቀቀ ብሎ ጨረሰ። ሐሙስ ዕለት በእሱ ባጃጅ ሄጄ ያችን ቁጥሯ የማይገናኝ 10 ብር ለእሱው መስጠቴን እዚህ ላይ ብናዘዝ ይሻላል። ማንነቱን ያወቅኩት በኋላ ነው።

መልስ 2፣ ቴሌብር። አንድ ቃል። አራት ነጥብ እንኳ የለውም።

መልስ 3 የምታውቀው ሴት ነች፤ ማለቴ ገበያውን። እናቷ ሐሙስ ገበያ ጎመን ይሸጣሉ። ለመልስ 2 በትሕትና ነው የመለሰችለት። ቴሌብር ከ2013 ግንቦት ጀምሮ እንዳለ፣ በተራ የቁልፍ ስልክም እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ለእናቷም እሷው ራሷ ነች ያወጣችላቸው። ነገር ግን እናቷ ማንበብ አይችሉም። ገዢው ልኬያለሁ ብሎ ስልኩን ሲያሳያቸው አምነው ነው የሚለቁት። ሁለቴ ተታልለዋል፣ አንዴ በአንድ እስር ጎመን፣ አንዴ በሦስት። ደግሞ አንድ እስር ጎመን ለመሸጥ ኔትወርክ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም ትላለች። ሳንቲሙን በተመለከተ እናቷን ጠይቃ ነው የመጣችው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በመቀነት ሲቋጠር ይከብዳል ወይ?

ይቺ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። መልስ 4 የመጣው በእሷ ላይ ነው።

መልስ 4 ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። የየትኛው ባንክ እንደሆነ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መጀመሪያ እኔን አረመኝ። መስከረም 4 ቀን 2013 የተቀየሩት 10፣ 50 እና 100 ብር ናቸው፤ 200 ብር አዲስ ተጨመረ። 5 ብር አልተነካም። አልተነካም ብቻ ሳይሆን ወደ ሳንቲም ይቀየራል ተብሎም ተነግሮ ነበር። ማለትም እኔ ዛሬ ትልቅ ሐሳብ አመነጨሁ ብዬ የለጠፍኩትን መንግሥት ያኔ ብሎት ነበር። አፈርኩ። ለያኔው ኅትመት 3.7 ቢሊዮን ብር እንደወጣ መነገሩንም አስታውሶኛል። ትልቅ ቁጥር ነው። ግን እሱ እንደሚለው ያ ገንዘብ የወጣው ለ10 ብሯ ብቻ አይደለም፤ 10ን ሳንቲም ብናደርግም 50፣ 100 እና 200 መታተማቸው አይቀርም።

ከዚያ ወደ ሂሳቡ ገባ። ባለ 10 ብር ሳንቲም ቢወጣና አንዱ 8 ግራም ቢመዝን ብለን እንያዝ። 10,000 ብር ማለት 1,000 ሳንቲም ነው፣ 8 ኪሎ። ያው ገንዘብ በ200 ብር ኖት 50 ቅጠል ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። በእሱ መስኮት ያለው መቁጠሪያ ማሽን ወረቀት እንጂ ብረት አይቆጥርም። ሳንቲም ይዞ የመጣ ደንበኛ ሲያይ ሆዱ እንደሚረበሽ አልደበቀም። በእጅ ይቆጠራል፣ በእጅ ይታሰራል፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ ሳንቲም ስታመጣ ነገ ና የምትባለው። ሐቀኛ ሰው ነው። እኔንም ጣሳዬን ይዤ በሄድኩ ጊዜ አንድ ባንክ ነገ ና ብሎኛል። እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም።

መልስ 5 ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ረጅም ነው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀት ይሻላል ብረት የሚለው ክርክር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም ይላሉ። የዛሬዋ ጅማ ገና ሂርማታ በምትባልበት ጊዜ የሐሙሱ ገበያ ላይ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለባት የብር ማዕድን ሳንቲም) ነበር የሚሠራው። ማርትሬዛ መቼም ትመታ መቼ የተጻፈባት ዓመት ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ክብደቷ 28 ግራም። ሺህ ማርትሬዛ 28 ኪሎ ነው፤ ነጋዴው በበቅሎ ጭኖ ነበር የሚሄደው። ለመልስ 4 ስለ ስምንት ኪሎው አትዘን ብለውታል። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ፓሪስ አስመትተው 1887 ዓ.ም ተጽፎበት ቢያወጡም ሰዉ ማርትሬዛውን አልለቀቀም። ዕንቁዎቹን ቆጥሮ፣ ጌጧን አገላብጦ አይቶ ነበር የሚቀበለው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ተከፍቶ ኋላ ወረቀት ሲያመጣማ የገበሬው ጥያቄ አጭር ነበር፤ አይጥ ከበላውስ? እንግዲህ የዛሬው ሰው ብረቱን አልፈልግም ሲል የሚገርመው እሳቸውን ነው። አያቱ ወረቀቱን ነበር አልፈልግም ያለው።

በነገራችን ላይ በኦሮምኛ እስከ ዛሬ ብር ቀርሺ ነው የሚባለው፣ እሱም ራሱ የድሮ ሳንቲም ስም ነው ብለው ጨምረዋል። ከርዕስ ወጥተዋል፣ ግን ደስ አለኝ።

መልስ 6ን ደስ አላለውም። የታሪክ ክፍል መሰላችሁ ወይ በሚል ቃና ነው የመጣው። ጥያቄው የነገ ዝርዝር ነው፣ የአባ ጅፋር ዘመን በቅሎ ምን አገባት የሚል ነገር ነው። ቃሉን አለስልሼ ነው የምነግራችሁ።

መልስ 7 መምህሩ ናቸው። ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ ጠይቀው ሌላ አንቀጽ ጨመሩ። በ1937 ሐምሌ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ማርትሬዛ ከሕጋዊ ገንዘብነት ሲወጣ ሰው ወረቀቱን እንዲያምን ከጎኑ የብር ማዕድን ያለባት 50 ሳንቲም ተመትታ ነበር። የብር ማዕድኑ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ማለትም ወረቀቱን ያስተዋወቀው ሳንቲሙ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄደው ያውቃሉ፣ ግን ሳንቲሟ በራሷ ዋጋ ስለነበራት ነው። ዛሬ የምትመታዋ ብረት ለብጥ ነች። ለመልስ 6 ከዚህ የተሻለ ምላሽ አልታየኝም። መልስ 6 ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

መልስ 8 አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ከሁሉም ይልቅ ሁለተኛውን ጥያቄዬን የያዘልኝ እሱ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1979 የአንድ ዶላር ሳንቲም አወጡ። መጠኗ ከ25 ሳንቲማቸው ብዙም ስለማይለይ ሰዉ እየተምታታበት ጠላት። በ2000 ወርቅማ ቀለም ሰጥተው ሌላ አወጡ። እሷም አልሄደችም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ወረቀቱን አላነሡም። ሰው ሁለቱም ካሉ የለመደውን ነው የሚወስደው። ሳንቲሞቹ ካዝና ውስጥ ተከመሩ፣ በ2011 መጨረሻ ለመገበያያ የሚሆነውን መምታት አቆሙ። ጎረቤታቸው ካናዳ በ1987 ሳንቲሟን አወጣች፣ በ1989 ወረቀቷን ማውጣት አቆመች። ሰዉ አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደ። እሱ እንደሚለው ጎን ለጎን የሚባል ነገር የለም። ወይ ቁረጥ ወይ ተወው።

መልስ 9 ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው ነው፤ እኛ አሜሪካ አይደለንም የሚለው። ስለ ካናዳ ግን ምንም አላለም።

መልስ 10 የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ሞያሌን የሚያውቅ። አሜሪካ ድረስ ምን አስኬዳችሁ፣ ኬንያ እዚሁ አለች አይደል ነው ነገሩ። እዚያ 1፣ 5፣ 10 እና 20 ሽልንግ ብረት ነው። ባለ 40 ሽልንግም ነበረች። ትንሹ ወረቀት 50 ነው። ሻይ ሲጠጣ፣ ጎማ ሲያስነፋ፣ በሳንቲም ይከፍላል፣ በሳንቲም ይመለስለታል። ማንም ፊቱን አያጠቁርም፤ ምክንያቱም ሌላ የለም። የመኪናው አመድ መጣያ በሳንቲም ስለሞላ ሲጋራ አቁሜያለሁ ብሎ ቀልዷል። ቀልዱን ባላምነውም ነጥቡን ተቀብያለሁ።

እስከዚህ ድረስ ሐሳቤ አልተነቃነቀም ነበር። መልስ 11 ግን ቦታዬን አሳጣኝ።

መልስ 11 የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነች። ምናልባትም ደንበኛዬ። ሁላችሁም የሳንቲሙን ዕድሜ ነው የምትቆጥሩት ትላለች፣ የብሩን ዕድሜ ማን ቆጠረ? ሳንቲም 20 እና 30 ዓመት ይቆያል። 10 ብር ግን 10 ብር ሆኖ ስንት ዓመት ይቆያል? 50 ሳንቲም አልተቀደደችም፣ አልዛገችም። ዛሬ መንገድ ላይ ወድቃ ብታያት ጎንበስ አትልላትም። የሞተችው ብረቷ ሳይሆን ዋጋዋ ነው። የእኔንም ጣሳ ጠቅሳ፣ ባለ 1 ብሯ ስትወጣ የምትገዛውንና ዛሬ የምትገዛውን አስብ አለችኝ። አሰብኩ። ያኔ አንድ ገጽ ኮፒ ከአንድ ብር በታች ነበር። ዛሬ በአንድ ብር የወረቀቱን ጠርዝ ብቻ ነው ኮፒ የማደርግልህ።

ቀጠለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ብረቱም አመታቱም ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው። ዛሬ ለ10 ብር ሳንቲም ትእዛዝ ብትሰጥ፣ እስኪመታ፣ እስኪጫን፣ በየባንኩ እስኪደርስ 10 ብሯ የዛሬዋን 1 ብር ልታክል ትችላለች። ስለዚህ ሳንቲም ከተባለ 10ን ዘሎ ከ20 ወይም ከ50 ይጀመር፤ ካልሆነ ወረቀቱ ይበቃል። ወረቀት ቢያንስ ሲሞት ይቃጠላል፣ ሳንቲም ጣሳ ውስጥ ተቀምጦ ያፈጥብሃል።

ለማን እንደተናገረች ገብቶኛል።

መልስ 12 ባለ ባጃጁ ነው፣ ተናዶ የተመለሰ። ዛሬ ማታ መልስ የለህም ብሎ ተሳፋሪ ሲሰድበኝ ስለ ዶላር ልንገረው ወይ ነው የሚለው። ለእሱ 50 ብር ሳንቲም ቢወጣ ምንም አይጠቅመውም፤ የጠፋው 5 እና 10 ነው። ለተማሪዋ ትንሽ ጠንከር ያለ ነገርም ተናግሯል፣ ስለ ላፕቶፕና ስለ ቤተሰብ ገንዘብ። እሱን አልደግመውም። ግን ውስጡ እውነት አለው። እሷ ስለ ሳንቲሙ ዕድሜ ነው የምታወራው፣ እሱ ስለ ዛሬ ማታ።

መልስ 13 እሳት ያጠፋ መስሎት ስለ ስሙኒና ስለ ሽልንግ አነሣ። እዚህ ላይ መድረኩ ተበላሸ። ስሙኒ 25 ሳንቲም ነች፣ ሽልንግ 50 ሳንቲም ነች፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን በስሙኒ ስንት ከረሜላ ይገኝ ነበር በሚለው ላይ አንድ ሰው አምስት አለ፣ እዚያው ሥር ሌላው ስምንት አለው፣ ሌላው የሰፈርህ ባለ ሱቅ ሌባ ነበር አለው። የምንም ነገር ዋጋ እንደዚህ ተጨቃጭቀንበት አናውቅም። ይህን ሁሉ እንደ አንድ መልስ ቆጥሬዋለሁ።

መልስ 14 ዓይነ ስውር ሰው ነው። ስልኩ እያነበበለት ውይይቱን ከላይ እስከ ታች እንደሰማው ጽፏል፣ የከረሜላውንም ጭምር። እሱ ብሩን የሚለየው በአጣጠፍ ነው። 200ን ሁለት ጊዜ፣ 100ን አንድ ጊዜ ያጥፋል፣ 50ን ሳያጥፍ ያስቀምጣል፣ 10 እና 5 ሌላ ኪስ። ይህ የሚሠራው ግን የራሱን ብር ሲያወጣ ነው። መልስ ሲቀበል ሰው ያለውን ማመን አለበት። ኖቱ አዲስ ሲሆን ጣቱ ይረዳዋል። አሥር ሺህ እጅ ያለፈባት፣ የላላች፣ ፕላስተር የለበሰች 10 ብር ስትመጣ ግን ጨርቅ ነው የምትመስለው፤ ፕላስተሩ ሥር ያለው 10 ይሁን 50 አይታወቅም። አንድ ጊዜ ለ50 ብር መልስ ብለው ሁለት 10 ብር ሰጥተውታል። ሳንቲም ግን ጠርዙም ክብደቱም ይነግረዋል። ባለ 1 ብሯን መሬት ስትወድቅ በድምጿ ያውቃታል። ስለ ዶላሩ ተማሪዋ ልክ ነች፣ ስለ ዛሬ ማታ ባለ ባጃጁ ልክ ነው አለና፣ እኔ ግን በጣቴ ነው የምቆጥረው ብሎ አበቃ።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ቀን ማንም አልጻፈም። ባለ ባጃጁ ተመልሶ ተማሪዋን ይቅርታ ጠይቋል። መልስ ብዬ አልቆጠርኩትም፣ ግን ይታወቅ።

መልስ 15 ስለ ሐሰተኛ ገንዘብ ነው። ሳንቲም አይጭበረበርም ብሎ የሚያስብ ካለ ይተወው ይላል። እንግሊዞች የአንድ ፓውንድ ሳንቲማቸው ከ30 አንዱ ገደማ ሐሰተኛ ሆኖባቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ባለ 12 ጎን ቀየሯት። ጃፓኖች ደግሞ 500 የንን በ1982 ሳንቲም አደረጉ። ሰዎች እዚያው መጠን ያላትን የኮሪያ 500 ዎን ሳንቲም እየቦረቦሩ፣ ክብደቷን እያስተካከሉ መሸጫ ማሽን አታለሉባት። የኮሪያዋ ዋጋ የጃፓኗን አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። በ2000 ጃፓን ሳንቲሟን ለመቀየር ተገደደች። አንድ ሰው የሚያታልለው ማሽን ጅማ የት አለ ብሎ ጠየቀው። እውነትም። እኛ ጋ ማሽኑ እኔ ነኝ።

መልስ 16 ጥያቄ ነው የያዘው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን የሚሰጥ ሳንቲም የሚመነዝሩ ሰዎች አይታችኋል ወይ? አሥር ብር ሰጥተህ ዘጠኝ ብር ሳንቲም ትቀበላለህ። አንዷ ብር ለመንዛሪው ነች። ሳንቲም የጠፋ ሳይሆን የታሰረ ነው ባይ ነው። ጠዋት ለነዳያኑ ይሰጣል፣ ማታ ከነዳያኑ ላይ ተሰብስቦ ለመንዛሪው ይመለሳል፣ በማግስቱ ያው ሳንቲም ይሸጣል። ከአጥር አይወጣም። አንድ ሰው ይሄ ኃጢአት ነው ብሎ ተቆጣ። ሌላው አንተ ለነዳይ ሙሉ 10 ብር ብትሰጥ መንዛሪ አይኖርም ነበር አለው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አንብቤ ስጨርስ ሻይ መጠጣት አስፈለገኝ።

መልስ 17 ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ነች፣ ከሱቄ ብዙም የማትርቅ። ክርክሩ ውስጥ አልገባችም። አንድ ሲኒ ቡና 15 ብር ነው የምትሸጠው። ሰው 20 ይሰጣል። አምስት ብር መመለስ አለባት፣ 5 ብር ደግሞ ጠፍቷል። እጇ ሲኒ ሲያጥብ ስለሚውል ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ወረቀቱን ረከቦቱ ሥር ታስገባዋለች፣ ማታ ስታወጣው አተላ ጠጥቶ ይወጣል። ባለ 1 ብር ሳንቲም ግን ጠርዙ የተሸረፈ ሲኒ ውስጥ ታደርጋለች። አምስት አምስት እያደረገች ትመልሳለች። ፊቱን የሚያጠቁር አለ፣ ቡናው ሲደርሰው ይረሳዋል። ችግሯ ሳንቲሙ አለቀባት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ በጣሳ አለኝ ካለ ለምን እዚህ ይጽፋል፣ ለምን አያመጣልኝም ነው መልእክቷ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጣሳዬን ይዤ ሄድኩ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ አቀረበችልኝ፣ ቡና ቀዳችልኝ። ሳንቲሞቹን ትሪ ላይ ዘርግፋ አምስት አምስት እየቆለለች በረከቦቱ ጠርዝ ደረደረቻቸው። አንበሳው ወደ ላይ፣ ሚዛኑ ወደ ታች። ለምን አንበሳውን ከላይ እንዳደረገች ጠየቅኳት። ሚዛኑ ሲታይ ሰው ጎደለ ይላል አለችኝ። ጠቅላላ 142 ሆነ። የቡናዬን 15 ቀነሰች። ከመቀነቷ ፈታ አሥራ ሁለት ባለ 10 ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። ሰባቷን ብር ከራሴ ሳንቲም መለሰችልኝ።

ቤት ገብቼ ብሮቹን ሳያቸው ዘጠነኛዋ በፕላስተር የተጠገነች ነች። የግራና የቀኝ ቁጥሯ አይገናኝም።